የምትተኩስ መኪና

አባቴ ሲደነግጥ አይቼ አላውቅም ነበር። ክሪክ ተንሸራቶ መኪና ሲወድቅም ሆነ የቤንዚን ጀሪካን እሳት ሲይዘው፣ ዞር ብሎ አይቶ "እስቲ አሸዋ አቀብይኝ" የሚል ሰው ነው። ያን ቀን ጠዋት ግን አየሁት።

ጋራዣችን ከኮልፌ 18 ማዞሪያ ትንሽ ገባ ብሎ ነው። አባቴ ቦታውን በቆርቆሮ አጥሮ ብቻውን ነው የጀመረው። እኔ ከቴክኒክ ኮሌጅ ስወጣ የኤሌክትሪኩንና የኮምፒውተሩን ሥራ ያዝኩ፤ ሞተሩ የሱ ነው። ያን ቀን ሁለታችንም መኪና ከሥሩ የምንሠራበት ጉድጓድ ውስጥ ቆመን የአንድ ሚኒባስ የጭስ ማውጫ፣ ማርሚታውን፣ እየፈታን ነበር። የግቢው በር ክፍት ነው። ከማዞሪያው በኩል ፉጨት የመሰለ የሞተር ድምፅ ሰማሁ። እየቀረበ መጣ፤ ከዚያ በድንገት ቀጥ አለና ተኩስ ተሰማ።

ተኩስ ያልኩት አውቄ ነው። በዚያች ደቂቃ ሌላ ነገር ነው ብሎ ያሰበ ሰው በሰፈሩ አልነበረም። ሁለት ጊዜ ጧ! ጧ! አለ፤ ቀጥሎ ቆርቆሮውን ያነቃነቀ አንድ ወፍራም ድምፅ ተከተለ።

አባቴ ማጅራቴን ይዞ ወደ ታች ደፋኝ። ጉንጬ የጉድጓዱ ወለል ላይ ካለው የዘይት ጭቃ ጋር ተጣበቀ። እሱ ከላዬ ተኛብኝ፤ ሁለት እጆቹን ጭንቅላቴ ላይ ጭኖ።

"ተኛ! ራስህን አታንሳ! ተኛ ነው የምልህ!"

"ተኚ" አላለኝም። ወንድ እንደሚያናግር ነበር የሚያናግረኝ። ድምፁም የአባቴ ድምፅ አይደለም፤ ቀጭንና ልጅ ልጅ የሚል ድምፅ ነው። "አባዬ" ልለው ብሞክር አፌ መሬት ላይ ነው። ቀጥሎ በስም ጠራኝ። የኔ ስም አይደለም። ከዘመድም ከጎረቤትም ሰምቼው የማላውቀው የወንድ ስም ነው። ደጋግሞ ጠራው።

ከውጭ ጩኸት፣ ሩጫ፣ የሱቅ በር የሚዘጋ ድምፅ ይሰማል። ከዚያ መሀል የአንድ ወጣት ድምፅ ከሁሉም በላይ ወጣ።

"መኪናዋ ናት! ወላሂ መኪናዋ ናት! ማንም አልተኮሰም!"

ከአባቴ እጅ እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም። ደረጃውን ወጥቼ በሩ ላይ ስደርስ መንገዱን አየሁት። ቲማቲም የምትሸጠው ሴት ሸራዋን ጥላ ኪዮስኩ ውስጥ ገብታ ከውስጥ ቆልፋለች፤ የኪዮስኩ ባለቤት ውጭ ቀርቶ በሩን ይደበድባል። አንድ ወያላ ሚኒባስ ሥር ገብቶ እግሩ ብቻ ይታያል። በራችን መግቢያ ላይ ደግሞ ጥቁር የተቀባች የድሮ የጃፓን መኪና ቆማለች። ከኋላዋ ከክንድ የወፈረ ማርሚታ ወጥቷል፤ ጭስ ይተፋል። ባለቤቷ አጠገቧ ሁለት እጁን ወደ ላይ ሰቅሎ ቆሟል። ሰው ከበበው። አንዱ ኮሌታውን ያዘው። "ልጄን አቅፌ ቦይ ውስጥ ነው የገባሁት! ቦይ ውስጥ!" እያለ ይጮህበታል። ሱሪው እውነትም እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው።

ባለመኪናውን ልጅ አውቀዋለሁ፤ እዚሁ ሰፈር ጨርቅ የሚነግዱ ሰዎች ልጅ ነው። ሰላምተኛ፣ ሥርዓት ያለው ልጅ ነው። "እህቴ፣ ወደናንተው ነበር የማመጣት" አለኝ። "ተርቦ ካስገጠምኩባት ጀምሮ እንዲህ ናት።"

ተርቦ ለሞተር አየር በግድ የሚያጎርስ ዕቃ ነው። ሞተሩ ብዙ አየር ሲያገኝ ብዙ ቤንዚን ያቃጥላል፤ ጉልበቱ ይጨምራል። ይቺ መኪና ግን ከፋብሪካ ስትወጣ ተርቦ አልነበራትም፤ ኋላ የተጨመረባት ነው።

ሰውን አረጋግቼ ወደ ጉድጓዱ ስመለስ አባቴ እዚያው ነው። ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። ፊቱ አመድ መስሏል። እጄን ስዘረጋለት አላየውም። ትንሽ ቆይቶ በራሱ ተነስቶ ወጣ፤ ጃኬቱን ከሚስማሩ ላይ አነሳና በእግሩ ወደ ቤት ሄደ። ካቻቢቴው፣ ቁልፎቹ፣ ሁሉም መሬት ላይ ተበትነው ቀሩ። አባቴ ዕቃ ሳይሰበስብ ሲሄድ ያን ቀን የመጀመሪያው ነው።

ምሳ ሰዓት ላይ ቤት ሄድኩ። አባቴ ጓዳ ገብቶ ተኝቷል። እናቴ ምስር እየለቀመች ነበር። አጠገቧ ተቀምጬ ያን ስም ነገርኳት፤ "ማነው?" አልኳት።

እጇ ትሪው ላይ ቀረ። "ይሄን ስም ማን ነገረሽ?"

"እሱ ራሱ። እኔን ነው በሱ የጠራኝ።"

ወደ ጓዳው በር አየች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ።

"ስንጋባ አንድ ጊዜ ነው የነገረኝ። አብሮ አደጉ ነበር። በደርግ ጊዜ ለብሔራዊ ውትድርና ነው የወሰዷቸው። ኳስ ተጫውተው ሲመለሱ፣ ከዚሁ ከማዞሪያው ነው ሁለቱንም አንድ ላይ ያፈሷቸው። እሱ ተመለሰ፤ ልጁ አልተመለሰም። 'ሁለተኛ እንዳትጠይቂኝ' አለኝ። አልጠየቅሁትም።"

"ይሄን ሁሉ ዓመት?"

"ይሄን ሁሉ ዓመት። በእንቅልፉ ሲጠራው ግን እሰማለሁ።"

አባቴ ወታደር ነበር። ይሄን አላውቅም ነበር። ግራ ትከሻው ላይ ያለውን ጠባሳ ትንሽ ልጅ ሆኜ ስጠይቀው "ክሪክ መትቶኝ ነው" ብሎኝ፣ ከዚያ በኋላ ክሪክ ስይዝ በተጠነቀቅኩ ቁጥር ያን ጠባሳ አስብ ነበር።  ምስሩን አብሬያት መልቀም ጀመርኩ።

ከሰዓት ወደ ጋራዥ ተመልሼ ለባለመኪናው ልጅ ደወልኩለት። መኪናዋን እሠራልሃለሁ አልኩት። ለልጁ አዝኜ አይደለም፤ ተናድጄ ነው። ያ ድምፅ በሰፈራችን ሁለተኛ እንዲሰማ አልፈለግሁም። "ግን እንዳታስነሳት" አልኩት። ከሱቃቸው ሰው አምጥቶ እየገፉ አስገቧት።

ሞተር ጭሱን በሚያስወጣበት በኩል ከፈነዳ፣ ሞተሩ ውስጥ መቃጠል የነበረበት ቤንዚን ሳይቃጠል አምልጦ ማርሚታው ውስጥ እየተቀጣጠለ ነው ማለት ነው። ጥያቄው ለምን አመለጠ ነው። ቤንዚኑን በእሳት የሚለኩሱትን ካንዴላዎች ፈታሁ። ሁሉም ጥላሸት የተቀቡ ይመስላሉ፤ ቤንዚኑ በዝቷል። ቀጥሎ ከተርቦው ወደ ሞተሩ አየር የሚወስደውን ቱቦ ጫፍና ጫፉን ዘግቼ በኮምፕሬሰር አየር ሞላሁት፤ በላዩ የሳሙና ውሃ አፈሰስኩበት። መታጠፊያው ላይ አረፋ ኩፍ አለ። አገኘሁሽ አልኩ። አየሩ እዚያ ጋ እየሾለከ ይወጣል፤ የመኪናዋ ኮምፒውተር ግን ሞተሩ ውስጥ የገባ መስሎት በዚያ ልክ ቤንዚን ይሰጣል። ማሰሪያውን ቀየርኩ፤ ቱቦውን አጠበቅኩ። ካንዴላዎቹንም በአዲስ ለወጥኩ። ጨረስኩ ብዬ ልሞክራት በአስኮ መንገድ ይዣት ወጣሁ፤ በዚያ በኩል መኪና የምሞክረው ሁልጊዜም እኔ ነኝ።

ቁልቁለቱ ላይ ፍጥነት ሰጥቻት እግሬን ከነዳጁ ሳነሳ ከኋላዬ ፈነዳች። መሪው ከእጄ ሊያመልጥ ምንም አልቀረውም። በመስታወቱ ሳይ አንዲት እናት ልጇን ግንብ ላይ ለጥፋ በጀርባዋ ሸፍናዋለች። ፊቷን ወደ ግንቡ አድርጋ፣ ጀርባዋን ለእኔ ሰጥታ። መኪናዋን ዳር አቁሜ ወርጄ "ይቅርታ፣ መኪናዋ ናት" ስላት ዞር አላለችም። ልጁ ነው በብብቷ ሥር አጮልቆ ያየኝ። ወደ ጋራዥ ስመለስ በሁለተኛ ማርሽ ነበር፤ እንደ እንቁላል ይዣት ተመለስኩ።

በማግሥቱ አባቴ መጣ። ጉድጓዱ አጠገብ አልደረሰም፤ በሩ ላይ ቆመ።

"አስነሺያት" አለኝ።

"አባዬ፣ ተው። ሂድ ቤት፤ እኔ እጨርሰዋለሁ።"

"መጀመሪያ እጅሽን አንሺልኝ። ሳየው ታስነሻለሽ። እንደሚመጣ ካወቅኩ ምንም አይለኝም።"

እጄን አነሳሁ። ራሱን ነቀነቀ። አስነሳኋትና ሞተሩን አስጮህኩት፣ እግሬን አነሳሁ፣ እንደገና አስጮህኩት። ፈነዳች። አባቴ ቆርቆሮውን በአንድ እጁ ይዞ ዓይኑን ጨፍኗል፤ ግን አልሄደም። "ድገሚው" አለ። ደገምኩት። "በቃ አጥፊያት" አለኝ፤ ላብ ግንባሩ ላይ ይታያል።

"ሁለት ናቸው" አለ።

"ምኑ?"

"ድምፁ። አንዱ ደረቅ ነው፤ ነዳጅ ስትሰጪያት ነው የሚመጣው። ሌላው ወፍራም ነው፤ እሱ እግርሽን ስታነሺ ነው። የሚነሱበትም ቦታ ይለያያል፤ ደረቁ ከፊት፣ ወፍራሙ ከኋላ። አንድ በሽታ ብለሽ አትፈልጊ።"

እኔ የሰማሁት ፍንዳታ ብቻ ነው። "እንዴት ለየኸው?" አልኩት።

"ከየት እንደሚተኮስ ካለየሽ ትሞቻለሽ" አለኝ። ልክ "ዘይቱ ጎድሏል" እንደሚለኝ አድርጎ ነው ያለው።  በሰፈራችን "የሱ ጆሮ ሞተር ያነባል" ይሉታል። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ጆሮው የጋራዥ ጆሮ ይመስለኝ ነበር። የት እንደሠለጠነ ያን ቀን ነው ያወቅኩት፤ ባላወቅኩ ብዬም ተመኘሁ።

እሱ በለየው መንገድ ሄድኩ። ደረቁ ድምፅ ነዳጅ ስሰጣት የሚመጣ ከሆነ፣ ተርቦው አየር አብዝቶ ሲያጎርስ ማለት ነው። ካንዴላዎቹን እንደገና ፈታኋቸው። እሳቱ የሚዘልበት ክፍተት ለተራ ሞተር ልክ ነው፤ አዲስ ሳስገባ ስላላሰብኩበት እንደመጡ ነው የከተትኳቸው። ተርቦ ላለው ሞተር ግን ይሰፋል። አየሩ በኃይል ሲመጣ ሻማ እንደሚያጠፋ ነፋስ እሳቱን ያጠፋዋል፤ ቤንዚኑ ሳይቃጠል ያልፋል። ክፍተቱን አጠበብኩ። አባቴ በሩ ላይ ሆኖ እጄን አንስቼ አስነሳኋት። ደረቁ ድምፅ ጠፋ። ወፍራሙ ግን አለ።

ለሱ ኮምፒውተሬን ሰክቼ ተቀመጥኩ። ሾፌር እግሩን ከነዳጅ ሲያነሳ ሞተር ቤንዚን መቀበል ያቆማል፤ የማንኛውም ደህና መኪና ጠባይ ነው። የዚችን ቁጥር ሳይ የተገላቢጦሽ ነው። እግሬን ሳነሳ ቤንዚኑ ይቀጥላል። እሳቱ ደግሞ ሆን ብሎ ይዘገያል፤ ቤንዚኑ ሞተሩን አልፎ ማርሚታው ውስጥ እስኪደርስ ይጠብቃል። ኬብሉ ተበላሽቶ ነው ብዬ ነቅዬ ሰካሁት። ያው ነው። ወደ ኮምፒውተሯ ፕሮግራም ገብቼ ሳይ ሰው የጻፈው ነው። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ፣ አስቦ፣ እንድትፈነዳ አድርጎ ጽፎታል።

 ያ ሁሉ ሰው መሬት ላይ የተኛው፣ ያቺ እናት ግንብ ላይ የተለጠፈችው፣ አባቴ ጉድጓድ ውስጥ የሞተ ሰው የጠራው፣ በብልሽት አልነበረም። ታዞ የመጣ ነገር ነው።

ልጁን ጠራሁት። አባቴ ትንሿ ዱካ ላይ ተቀምጧል። ስክሪኑን ወደ ልጁ አዞርኩለት።

"ይሄ ብልሽት አይደለም። ተሠርቶ የገባ ነው። ታውቅ ነበር?"

መሬት መሬት አየ። "እህቴ..."

"ታውቅ ነበር ወይ?"

"እኔ ነኝ ሥራልኝ ያልኩት" አለ። "ቪዲዮ ላይ አይቼ። 'እንደ ፈንዲሻ ነው የሚንጣጣው' አለኝ የሠራልኝ ሰው። መጀመሪያ እውነትም እንደ ፈንዲሻ ነበር። እየቆየ ነው እንዲህ የሆነው። ነውር ሆኖብኝ ነው ያልነገርኳችሁ።"

እውነቱን ነው። ፈንዲሻው ላይ የሚሾልከው ቱቦና የሚጠፋው እሳት ሲጨመሩበት ነው ጠመንጃ የሆነው። ልጮህበት አፌን ስከፍት አባቴ ቀደመኝ።

"ልጄ፣ ለምን ፈለግከው?"

"ሰው ዞር ብሎ እንዲያየኝ ነው ጋሼ።"

"ዞር ብሎ አየህ?"

 "አላየኝም። ሁሉም መሬት ላይ ነበር" አለ ልጁ። "ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

 አባቴ ተነስቶ አጠገቡ ሄደና ትከሻውን ያዘው። ከዚያ ለእኔ "አጥፊው" አለኝ፤ ፕሮግራሙን ማለቱ ነው።

አጠፋሁት። ተርቦውንም አውርጄ ለልጁ አሳየሁት፤ ፍንዳታው እየመታው የውስጡ ክንፍ ጫፍ ጫፉ ተሸራርፏል። ትንሽ ቢቆይ ተሰባብሮ ያልቅ ነበር። በሌላ ቀየርንለት። ይቺው መኪና ዝም ብላ ስትነሳ የኪዮስኩ ባለቤት እንኳን በሩ ላይ ወጥቶ "ምን ሆነች?" አለ፤ ዝም ማለቷ አስደንግጦት።

ይህ ካለፈ በኋላ አንድ እሁድ አባቴ ኮትና ሱሪ ለብሶ ሳሎን ቆሞ አገኘሁት። "አስኮ ትወስጂኛለሽ?" አለኝ።

"ምን አለ አስኮ?"

"የአብሮ አደጌ እህት አለች። እዚያ ነው ያገባችው።"

"የት እንደምትኖር ታውቃለህ?"

"ሁልጊዜ አውቃለሁ።"

ወደ አስኮ የሚሄድ የመኪና ሙከራ ሁሉ ለምን ለእኔ እንደሚሰጠኝ ያን ጊዜ ገባኝ። መንገድ ላይ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በመስኮት ያያል። አንድ አረንጓዴ በር ጋ "እዚህ" አለኝ።

የከፈተችው ፀጉሯ የሸበተ፣ ሻሽ ያሰረች ሴት ናት። አባቴን አየችው። ረጅም ጊዜ አየችው። አትለየውም ብዬ ልናገር ስል እሷ ቀደመች።

"መጣህ?" አለችው።

አባቴ ኮፍያውን አወለቀ። "ታውቂያለሽ እንዴ መመለሴን?"

"ያኔውኑ ሰምተናል። እናቴም ሰምታ ነበር። 'ይመጣል፣ ትንሽ ይረፍ' ትል ነበር። እስክትሞት ይመጣል እንዳለች ነው።"

አባቴ ግንቡን ያዘ። እኔ ክንዱን ያዝኩት። በሩን ትዘጋብናለች ብዬ ነበር፤ እሷ ግን በሌላኛው ክንዱ ገብታ ደግፋ አስገባችው። ሶፋ ላይ አስቀመጠችውና ፊት ለፊቱ በርጩማ ስባ ተቀመጠች።

"አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ" አለችው። "ብቻውን ነበር?"

"አልነበረም። ከላዩ ተኝቼበት ነበር። ራሱን አነሳ።"

 እሷ ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። ያኔ ነው እኔ መኖሬን ያስታወሰችው። "አንቺ ልጄ" አለችኝ፣ "ወጥ ቤቱ በዚያ በኩል ነው። ሻይ ጣጂልን። እናውራ።"

በማላውቀው ሰው ወጥ ቤት ገብቼ ጀበናና ጣሳ እያገላበጥኩ ማንቆርቆሪያ አገኘሁ። ምድጃውን ለኮስኩ። ስኳሩ የት እንዳለ አላውቅም፤ መደርደሪያውን አንድ በአንድ ከፈትኩ። ከግድግዳው ማዶ መጀመሪያ ልቅሶ ሰማሁ፤ የማን እንደሆነ መለየት አልቻልኩም። ቀጥሎ አባቴ ስለ አንድ ጫማ ማውራት ጀመረ፦ ካምፕ ውስጥ ጓደኛው ሁለቱም ቀኝ እግር የሆነ ጥንድ ጫማ ተሰጥቶት፣ ወር ሙሉ በሱ ጠማማ ሲሄድ፣ አለቃው "ቀጥ ብለህ ተራመድ" እያለ ሲጮህበት። ሴትየዋ ሳቀች። "እሱማ ሌላ ጫማ ስጡኝ ብሎ አይጠይቅም!" አለች። አባቴም ሳቀ፤ እየሳቀ ይተርካል፣ እየተረከ ይስቃል። እኔ የስኳሩን ዕቃ ይዤ፣ ውሃው ፈልቶ ክዳኑን እያንኳኳ፣ ታሪኩን እንዳላቋርጠው እዚያው ቆሜ አዳመጥኩ።